የጋለው ክምር

ዓሣ ብርድ ይሰማዋል ወይ?

እማማ ባየሽ ጎህ ሳይቀድ ነቅተው የሚገላበጡት በዚህች ጥያቄ ነበር። ማንን ይጠይቁ? ቄሱን ቢጠይቁ ይስቁባቸዋል። የቀበሌውን ሊቀ መንበር ቢጠይቁ ደግሞ እሱ በተራው ሌላ ሌላውን መጠየቅ ይጀምራል። ሰው ሲበርደው ይንቀጠቀጣል፤ ዶሮ ላባዋን ትነፋለች፤ ፍየል ግድግዳ ትጠጋለች። ዓሣ ግን ዝም ነው። በርሜሉ ሥር ተጋድሞ አፉን ከፈት ከደን ያደርጋል እንጂ እንዲህ ሆንኩ፣ እዚህ ጋ አመመኝ አይል። አንድ ማለዳ ሆዱን ወደ ላይ ሰጥቶ ተንሳፍፎ ይገኛል፤ በቃ።

ሸሕዲ የብርድ አገር አይደለችም። በሚያዝያ የቤቱ ቆርቆሮ እጅ ይልጣል፣ ሰው ሌሊቱን ደጅ አንጥፎ ያድራል። በዚያ ዓመት፣ በሰባ ስምንት፣ ግን ገና ታኅሣሥ ሳይጋመስ ከሱዳን ሜዳ የተነሣ ደረቅ ንፋስ ገባና አልወጣ አለ። ጠዋት ጠዋት የመናኸሪያው ሰው ሁሉ ጋቢውን እስከ ጆሮው ተከናንቦ ሲታይ ሸሕዲ ሳይሆን ደባርቅ ይመስል ነበር።

በእማማ ባየሽ ጓሮ ሁለት በርሜሎች አሉ። አንደኛው ዓሦቹ የሚኖሩበት ነው። ሁለተኛው ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ግማሹ በአራት ባላ እንጨት ላይ ከፍ ብሎ የተቀመጠ፣ የጓንግ ወንዝ ጠጠር የተሞላና ቆስጣና ባሚያ የተተከለበት ነው። በቀን ሦስት ጊዜ ከዓሦቹ በርሜል ውሃ በጆግ እየተቀዳ ጠጠሩ ላይ ይፈሳል። የዓሣው ኩስ ለቆስጣው ምግብ ይሆናል፤ ውሃው ደግሞ በጠጠሩ ተጣርቶ በሥር በኩል በተበሳች ቀዳዳ ጠብ ጠብ እያለ ወደ ዓሦቹ ይመለሳል። ማዳበሪያ አይፈልግ፣ ውሃ አይባክን። ይህን ሁሉ የሠራው የልጅ ልጃቸው አለነ ነው። በመንግሥት እርሻው የትራክተር ጥገና ሲሠራ አንድ ባለሙያ በስሚንቶ ወረቀት ላይ ሥሎ አሳይቶት፣ የተጣሉ ሁለት የናፍጣ በርሜሎች ለምኖ አምጥቶ፣ ሳምንት ሙሉ በአመድና በሳሙና ፈትጎ፣ ከጓንግ ሃያ አንድ ትናንሽ ቆሮሶ ዓሦች አጥምዶ ጨመረበት።

አለነ በሁለት ዓመቱ እናቱ ስትሞት እማማ ባየሽ እጅ የወደቀ ልጅ ነው። ሌላ ሰው የላቸውም። በሰባ ስድስት ክረምት ስሙ ለብሔራዊ ውትድርና ተለጠፈ፣ ሄደ። ባለፈው መጋቢት አንዲት ደብዳቤ ላከ። እማማ ባየሽ ጎንደር ሳሉ እስከ አራተኛ ክፍል ስለተማሩ ደብዳቤ ለማስነበብ የማንንም ደጅ አይጠኑም፤ ራሳቸው አነበቡት፣ ከዚያም በቃላቸው ያዙት። «እምዬ፣ እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ያለው ብርድ ሌላ ነው። ዓሦቹን አደራ። ውሃው ከቀዘቀዘ አይበሉም፤ ካልበሉ ይሞታሉ። ስመለስ ትልቅ ገንዳ እሠራላቸዋለሁ።»

ከዚያ ወዲህ ምንም የለም። ወር አለፈ፣ ክረምት አለፈ፣ ሰሊጡ ታጨደ። እማማ ባየሽ ልብ ውስጥም ለንስሐ አባታቸው እንኳ ያልተናገሩት አንድ ነገር ገባ፤ ዓሦቹ በሕይወት እስካሉ ልጁም በሕይወት አለ። ማን እንደ ነገራቸው አያውቁም። ማንም አልነገራቸውም። ግን ገባ፣ ከገባም በኋላ ሊያወጡት አልቻሉም።

ብርዱ የገባ ሰሞን ዓሦቹ መብላት ተዉ። እማማ ባየሽ ጨነቃቸው። አንድ ማለዳ ትልቁን ድስት ጥደው ውሃ አፈሉና በርሜሉ ውስጥ ገለበጡት። ለበረደው ሰው ሙቅ ነገር ከሆነ መድኃኒቱ ለዓሣስ ምን ልዩነት አለው ብለው ነው። ሦስት ዓሦች እዚያው እሳቸው እያዩ ተገለበጡ። እማማ ባየሽ ደረታቸውን ይዘው መሬት ላይ ተቀመጡ። ሲረጋጉ ሦስቱን አንሥተው ከአጥሩ ሥር ጉድጓድ መቆፈር ጀመሩ።

ከአጥሩ ወዲያ ሐሚዳ አየቻቸው። ሐሚዳ ገዳሪፍ ተወልዳ በትዳር ወደ ሸሕዲ የመጣች፣ ባሏ ሲሞት እዚሁ የቀረች፣ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ የምትሸጥ ጎረቤት ናት። እማማ ባየሽን በአገሯ ቋንቋ «ሐቦባ» ትላቸዋለች፣ አያቴ ማለቷ ነው።

«ሐቦባ፣ ዓሣውን ቀቅለው ነው የሚቀብሩት? እኛ አገር ሰው ቀቅሎ ይበላዋል።»

«የልጄን አደራ አልበላም።»

«እሺ። ተዝካሩ መቼ ነው? ሻይ ይዤ ልምጣ።»

«ሂጂ ወዲያ፣ ሥራ ፈት።»

ሐሚዳ እየሳቀች ሄደች። እማማ ባየሽ አልሳቁም። አሥራ ስምንት ቀሩ።

በዚያ ሰሞን ማድ ቤታቸው ውስጥ አንድ በሽተኛ ተኝቶ ነበር። ያረጋል ይባላል፤ ከጎጃም፣ ከአዴት በታች ከሚገኝ ቀበሌ ለሰሊጥ አጨዳ የመጣ፣ አርባ ዓመት የሞላው የሁለት ልጆች አባት ነው። ጓደኞቹ ሥራ ጨርሰው ሊሄዱ ሲሉ ወባ ጣለው። ሊያሳፍሩት ቢሉ ሾፌሩ «መንገድ ላይ ይሞትብኛል» ብሎ እምቢ አለ። ቤት ለቤት ሲለምኑ እማማ ባየሽ ተቀበሉት። ምን ያድርጉ፤ የሰው ልጅ ነው፣ አለነም ይህን ጊዜ በሰው ደጅ ይሆናል። ጓደኞቹ ሲሰናበቱት ቀና ብሎ «ለጥምቀት እቤቴ ነኝ በሉልኝ» አላቸው። ከዚያ በኋላ አሥር ቀን ያህል ራሱን አያውቅም ነበር። እማማ ባየሽ የክሊኒኩን ክኒን እየቆጠሩ፣ አጥሚት በማንኪያ እያጎረሱ አስነሡት።

መጀመሪያ የወጣ ዕለት ግድግዳውን ተደግፎ ወደ ጓሮ ብቅ ሲል እማማ ባየሽ የራሳቸውን ጋቢ በርሜሉ ላይ ሲጠመጥሙ አገኛቸው።

«እማማ፣ የበረደው በርሜሉን ነው እርስዎን?»

«ተወኝ። አንተ ሕመምህን ታመም።»

«ምነዋ፣ ልጠይቅ ብዬ ነው እኮ።»

ነገሩት። ስለ ዓሦቹም፣ ስለ አለነም፣ ስለ ፈላው ውሃም። በልባቸው የገባውን ነገር ግን አልነገሩትም። ያረጋል ተጠግቶ እጁን ውሃው ውስጥ ከተተና ቆየ።

«ጋቢ ያለን ሙቀት ይይዛል እንጂ እሱ ራሱ አይሞቅም» አላቸው። «ይኸ በርሜል ደግሞ ምንም የሚያዝ ሙቀት የለውም። ከጎኑ ነው መሞቅ ያለበት፣ ቀስ ብሎ። እማማ፣ ነዶ ሳይደርቅ ከተከመረ ምን ይሆናል?»

«ይሻግታል።»

«ከመሻገቱ በፊትስ?»

እማማ ባየሽ አሰቡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በሰሊጥና በማሽላ መሀል ኖረው ይህን ጠይቀው አያውቁም።

«ይግላል» አለ ያረጋል። «አምና ዝናብ ያገኘውን ነዶ ቸኩለን ከመርነው። በሦስተኛው ቀን እጄን ብሰድ እንደ ምድጃ ፈጀኝ። አለቃው እንደ ውሻ አባረረን። እስቲ ያ ያባረረን ጥፋት ለእርስዎ ዓሦች ይሁናቸው።»

ጉልበቱ ሲመለስ ሥራውን ጀመረ። ከከብት ገበያው በረት እበት በጆንያ ተሸክሞ አመጣ። የሰሊጥ ገለባና የማሽላ አገዳ ከታትፎ በውሃ አረሰረሰው። አንድ ረድፍ እበት፣ አንድ ረድፍ ገለባ እያደረገ፣ በእግሩ እየረገጠ በርሜሉን እስከ አንገቱ በክምር ከበበው፤ ላዩን በጆንያ ሸፈነው። የበርሜሉን አፍ በሰሌን ሲከድን ጥግ ጥጉን ክፍት ተወው። እማማ ባየሽ ያንንም ሊደፍኑት ሲሉ እጃቸውን ያዘ።

«ጥርቅም አያድርጉት። እንደ እኛው እስትንፋስ ይፈልጋሉ።»

በአራተኛው ማለዳ ከክምሩ ላይ ጢስ የሚመስል እንፋሎት ይነሣ ጀመር። «እስቲ እጅዎን ይስደዱ» አላቸው። ሰደዱና ወዲያው መንጭቀው አወጡት። ሳቁ። ከመጋቢት ወዲህ ሲስቁ የመጀመሪያቸው ነበር፤ ድምፁን ራሳቸው አላወቁትም። ቀን ላይ አንድ እፍኝ የማሽላ ፍርፋሪ በተኑ፤ ዓሦቹ ከሥር ወጥተው አንድ በአንድ ቀለቡት።

ከዚያ በኋላ የእማማ ባየሽ ቤት ሌላ ቤት ሆነ። «እንደምን አደሩ» የሚላቸው ሰው አለ። ውሃ ቀድተው ሲመለሱ ከጓሮው የሰው ሳል ይሰማል። አንድ ጭብጥ ሽሮ የነበረው ሁለት ሆነ። ከሰዓት በኋላ ጥላው ሲዞር ያረጋል ክምሩ አጠገብ ተቀምጦ ገመድ እየገመደ ያጫውታቸዋል፤ እሳቸው ቆስጣ ይቀነጥሳሉ።

«እናትህ አለች?»

«አለች። ዓይኗ ደክሟል። ስመለስ ፊቴን በእጇ ዳብሳ ነው ከሳህ የምትለኝ። ባልከሳም ከሳህ ትለኛለች።»

«እናት ናታ።»

«የእርስዎም ልጅ ይመጣል እማማ። ወታደር ደብዳቤ መጻፍ አይሆንለትም።»

እንዲህ የሚላቸው ሰው አልነበረም። ሐሚዳ ትቀልዳለች፣ የሰፈሩ ሰው ደግሞ ስለ ወታደር ወሬ ሲነሣ ነገር ይለውጣል።

የክምሩ ችግር አንድ ነው፤ ከአሥር ቀን በኋላ ይበርዳል። ፈርሶ፣ በአዲስ እበትና ገለባ እንደገና መከመር አለበት። ይህ የወንድ ጉልበት ነው። የእማማ ባየሽ ወገብ አንድ ጆንያ እበት እንኳ አይችልም።

ጥምቀት ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው ያረጋል ጥቅልሉን አሰረ። እማማ ባየሽ መጡና መዳፋቸውን ግንባሩ ላይ አደረጉ።

«ትግላለህ» አሉት።

አይግልም ነበር። ግንባሩ እንደ ሸክላ ቀዝቅዞ ነበር። ግን ወባ የጣለው ሰው በራሱ አካል አያምንምና ያረጋል እጁን አንሥቶ ራሱን ዳሰሰ፣ አመነታ።

«ያገረሽብሃል። መንገድ ላይ ብትወድቅ ማን አለህ? ክምሩም እየበረደ ነው።»

ክምሩን አየ፣ እሳቸውን አየ። «እርስዎ ከሞት አውጥተውኝ እኔ ዓሣዎን ለብርድ ጥዬ አልሄድም። አንድ ልድገምልዎትና እሄዳለሁ።»

ጥምቀት አለፈ። ክምሩ ተደግሞ ጋለ። ንፋሱ ግን አልቆመም፤ ያረጋልም እስኪቆም ብሎ ቆየ።

ጥር አሥራ ስድስት ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ያረጋል እበት ሊያመጣ ገበያው በረት ሄዶ ሳለ ደጅ ላይ «ቤቶች» የሚል ድምፅ ተሰማ። እማማ ባየሽ ወጡ። አቧራ የለበሰ፣ ቁምጣ የታጠቀ ጎልማሳ ዱላውን ተደግፎ ቆሟል። ማን መሆኑን ሳይናገር አወቁት። ያ ሰፊ ግንባር፣ ያ አንገት ዘንበል ማድረግ።

«እናቴ፣ እንዴት ዋሉ። ማሩ እባላለሁ፣ ከአዴት ነው የመጣሁት። ወንድሜ ታሞ እዚህ ቤት ቀርቷል ብለውኝ ነበር። ያረጋል ይባላል። ለጥምቀት እመጣለሁ ብሎ ቀረብን።»

እማማ ባየሽ አፋቸውን ከፈቱ። እግዚአብሔር ምስክራቸው ነው፣ ሊሉ ያሰቡት ሌላ ነበር፤ ግባ፣ ተቀመጥ፣ አሁን ይመጣል።

«ሄዷል» አሉ።

«ሄዷል?»

«ከጥምቀት በፊት። ድኖ፣ በእግሩ ሄዶ መኪና ተሳፈረ።»

ማሩ ደጃፉ ላይ ቁጢጥ አለ። ጣቶቹን እያጠፈ ቀን ቆጠረ፤ ከጥምቀት ወዲያ፣ ከጥምቀት ወዲህ። ቆጠራው አልገጥም አለው።

«ታዲያ የት ገባ?»

«መንገድ ነው እንግዲህ» አሉ እማማ ባየሽ። ድምፃቸው የሌላ ሰው ሆነባቸው። ገብተው ውሃ አመጡለት። ማሩ ጣሳውን በሁለት እጁ ተቀበላቸው። ጠጥቶ ሲነሣ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ።

«አስታመውልናል። እግዜር ይስጥልን። እናቴን ምን እንደምላት ነው የጨነቀኝ።»

ሄደ። እማማ ባየሽ እስከ በሩ ተከትለውት ወጡ። ጀርባው ከሐሚዳ ሻይ ቤት ጥግ እስኪሰወር ድረስ መጥራት ይችሉ ነበር። ስሙን ያውቃሉ፣ ማሩ ማለት ብቻ ነው። አልጠሩም። ብዙም ሳይቆይ በሌላው መንገድ ያረጋል ጆንያውን ተሸክሞ፣ እያፏጨ ብቅ አለ።

ነገ እነግረዋለሁ አሉ። በማግሥቱም ነገ አሉ። አምስት ቀን እንዲህ ሄደ። ለያረጋል ምግብ አበዙለት። ወጥ ሲጨምሩለት እጃቸው ሳይታወቃቸው ይደጋግማል። «እማማ፣ በግ ነው እንዴ የሚያደልቡት?» አላቸው አንድ ቀን። ቁጭ ሲሉ በሐሳባቸው መንገዱን ይሄዱታል፤ ዛሬ ማሩ ጎንደር ገባ፣ ዛሬ ባሕር ዳር፣ ዛሬ እቤቱ ደረሰ። ዓይኗ የደከመ ሴት በሩ ላይ ተነሥታለች። ብቻህን ነህ ወይ ትለዋለች። ከጥምቀት በፊት ተነሥቷል ይላታል። ከዚያ ወዲያ ያለውን እማማ ባየሽ ማንም እንዲነግራቸው አያስፈልግም። ከመጋቢት ጀምሮ የሚያድሩበት ነውና ያውቁታል። ያንን ነገር በገዛ አፋቸው፣ በአንድ ቃል፣ አዴት ድረስ ልከውታል።

ዛሬ ልንገረው ብለው ከተነሡበት ማለዳ ጓሮ ሲወጡ ያረጋል ቀድሟቸው ክምሩን በመንሽ እያፈረሰ ነበር። ሦስተኛውን ሊከምር ነው። እንፋሎቱ እግሩን ሸፍኖታል። አጠገቡ ቆሙ፤ ቃሉ ከየት እንደሚጀመር ፈልገው ሳያገኙት ሐሚዳ በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ አለች።

«ሐቦባ፣ አንድ እስር ቆስጣ ይስጡኝ። የዓሣ ፋንድያ የበላውን ሳይሆን ሌላውን።»

«ሁሉም እሱን ነው የበላው።»

«ኻላስ፣ በቃ፣ እንግዲያው እሱኑ።» ቆስጣዋን ተቀብላ ወደ ያረጋል ዞረች። «አንተስ፣ ወንድምህን ሸኘኸው? ምን ያለ ዝምተኛ ነው። ሻይ ጠጥቶ ሳይስቅ ሄደ።»

ያረጋል መንሹን እንደ ያዘ ቀና አለ። «የቱ ወንድሜ?»

«ያንተ ነዋ። ግንባራችሁ አንድ። ያን ሰሞን ከዚህ ቤት ወጥቶ እኔ ዘንድ ተቀምጦ ነበር። ወደ ጎንደር የሚሄድ መኪና ጠየቀኝ፤ እኔም አሳየሁት።»

እማማ ባየሽ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ሐሚዳ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እሱን አየች። ቀልዷ ፊቷ ላይ ቀዘቀዘ። «ሻዬ ፈላብኝ» አለችና ቆስጣዋን አቅፋ በቀዳዳዋ ሾልካ ሄደች።

«እማማ፣ ማሩ መጥቶ ነበር?»

«መጥቶ ነበር።»

«ምን አሉት?»

«ሄዷል አልኩት።»

ያረጋል ራሱ የት እንዳለ የጠፋው ይመስል ዙሪያውን አየ። «መቼ ሄደ አሉት?»

«ከጥምቀት በፊት።»

ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አዩ። ይቆጥራል፤ እሳቸው ለአምስት ቀን የቆጠሩትን መንገድ እሱ በአንድ ትንፋሽ ደረሰበት።

«ንፋሱ አልቆም አለ» አሉ እማማ ባየሽ። «ክምሩ ስምንት ቀኑ ነበር። አንተ ከሄድክ ይበርዳል፤ እነሱ ከሞቱ ደግሞ እኔ...» በልባቸው የነበረውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ አፋቸው ላይ አመጡት። «እነሱ ከሞቱ አለነ የሞተ ይመስለኛል። ለዚህ ነው። ለሌላ አይደለም። እኔም ክፉ ሰው ሆኜ አይደለም።»

ያረጋል መንሹን አነሣ። ያፈረሰውን ክምር መልሶ መከመር ጀመረ። አንድ ረድፍ እበት፣ አንድ ረድፍ ገለባ። ቀስ ብሎም አልሠራ፣ ተቻኩሎም አልሠራ። በእግሩ ረገጠው፣ ውሃ ረጨበት፣ ጆንያውን አለበሰው፣ ሰሌኑን ጥጉ ክፍት እንደ ሆነ ከደነው። እማማ ባየሽ በዚህ ሁሉ አጠገቡ ቆመው ይናገሩ ነበር፤ እኔ ራሴ ሰው እልካለሁ፣ ለቀበሌህ በእጄ ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ ዛሬውኑ መኪና ይገኝ ይሆናል፣ ጉሉኮስ ብስኩት ይዘህ ሂድ፣ ጸሐይ ላይ አትቀመጥ። ቃሉ ከአፋቸው ሲወጣ ለራሳቸውም ባዶ ባዶ ይሰማቸው ነበር።

እጁንና እግሩን ታጠበ። ማድ ቤት ገብቶ ጥቅልሉን ይዞ ወጣ። እማማ ባየሽ ቀድመውት ቤት ገብተው አንድ ሙሉ ዳቦ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው በሩ ላይ ጠበቁት።

«ለመንገድ ነው። ለእናትህም...» አሉና ለእናቱ ምን እንደሚልላቸው አላወቁም።

ያረጋል ዳቦውን ከእጃቸው ተቀበለ። መደቡ ላይ አስቀመጠው። ጥቅልሉን ትከሻው ላይ አመቻቸ፣ ከመቃኑ ሥር ጎንበስ ብሎ ወጣ።